የምድጃ ሽቦ ራሴ ልጠምጥም፤ ከምን ልጀምር?

ጥያቄ (ማራኪ፣ ጎንደር)፦ ባለሸክላ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፣ 1000 ዋት። ጀማሪ ነኝ። የትኛው ውፍረት፣ ስንት ሜትር? ገበያ ላይ ያለው ሽቦ ኒክሮም (የምድጃ ሽቦ የሚሠራበት የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ) መሆኑንስ በምን ልለይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስሌቱ። ቮልቱን፣ 220ን በ220 አባዝተህ ለ1000 ዋቱ ስታካፍል 48.4 ኦም ይመጣል፤ ሽቦው በጠቅላላ ሊኖረው የሚገባው ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም) ይህ ነው። የ0.6 ሚሊሜትር ኒክሮም በሜትር 3.9 ኦም ገደማ ስለሆነ 12.5 ሜትር ያስፈልግሃል፤ ለጫፎቹ ትንሽ ጨምር። በ0.5 ደግሞ 8.7 ሜትር ይበቃል፣ ርካሽም ነው፤ ግን ያው ሙቀት በጠባብ ገላ ላይ ስለሚያርፍ ቶሎ ይበጠሳል። ለመለየት ማግኔት አስጠጋ፤ ኒክሮም አይሳብም። ስቴንለስም ብዙ ጊዜ ስለማይሳብ የ0.6ቱን 1 ሜትር በቴስተር ለካ። 2.5 ኦም አካባቢ ካሳየ ተታለሃል።

መልስ፦ በ6 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ ወጥረህ አጠጋግተህ ጠምጥም፤ 600 ዙር ገደማ ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል! የሸክላውን ቦይ በክር ለካና ጥቅሉን ሁለቱን ጫፍ ይዘህ እኩል ሳብ። ተጠጋግቶ የቀረ ቦታ ካለ ለብቻው ግሎ ይቀላል፤ የሚበጠሰውም እዚያው ነው። ጫፎቹን አጥፈህ ድርብ አድርጋቸው፤ ድርቡ ብዙ ስለማይግል ብሎኑን አያቃጥልም።

ጠያቂው፦ የተበጠሰውን ጠምዝዤ ብቀጥለውስ?

መልስ፦ ለጊዜው ይሠራል፤ መጋጠሚያው ግን ይላላል፣ ይግላል፣ ደግሞ ይበጠሳል። ሌላው፣ ሽቦው እርቃኑን 220 ቮልት ይዞ ነው የሚቀላው። ወጥ ቢገነፍልበት ድስቱ ይነዝራል፤ ስለዚህ የምድጃውን ቆርቆሮ ከግራውንድ (ከመሬት ሽቦው) ጋር አገናኝ፣ ከመንካትህ በፊትም ስፒናውን ንቀል።