ቀይ ብርሃን ለልጆች ማዮፒያ፦ ትፈቅዳላችሁ ወይስ አትፈቅዱም?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን ይኸው። ማዮፒያ ያለበት ልጅ ቅርቡን አጥርቶ ያያል፣ ሩቁ ይደበዝዝበታል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የዓይን ኳስ ከፊት ወደ ኋላ ከልክ በላይ መርዘሙ ነው። ተራ መነጽር ዕይታውን ያስተካክላል እንጂ መርዘሙን አያቆምም። አሁን መርዘሙን ራሱን ያዘገያል የተባለ መሣሪያ አለ። ልጁ መሣሪያው ውስጥ ቀይ ብርሃን ትክ ብሎ ያያል። አንዴ 3 ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ቤቱ ሆኖ። ለልጃችሁ ትፈቅዳላችሁ?

አባት፦ እኔ እፈቅዳለሁ፣ ዛሬ ነገ ሳልል። ቻይና ውስጥ ከ8 እስከ 13 ዓመት የሆኑ 264 ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት በ2022 ወጥቷል። ተራ መነጽር ብቻ ያደረጉት ልጆች ዓይን በአንድ ዓመት በአማካይ 0.38 ሚሊሜትር ረዘመ። ቀይ ብርሃን የተጨመረላቸው 0.13 ብቻ። ሚሊሜትር ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ዓይን በረዘመ ቁጥር ሬቲና፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ይሳሳል። እኔ ከባድ ማዮፒያ ነው ያለብኝ። የግራ ዓይኔ ሬቲና ሲላቀቅ መጀመሪያ ብልጭ ብልጭ አለብኝ፣ ከዚያ ከጎን በኩል ጥቁር መጋረጃ ይወርድ ጀመር። በኦፕሬሽን ተመለሰ፣ ግን ቀጥ ያለ መስመር እስከ ዛሬ ይጣመምብኛል። ልጄ 8 ዓመቷ ነው፣ በተመረመረች ቁጥር መነጽሯ ይጨምራል። እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም።

እናት፦ ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ግን አንተ የምትፈራለት ሬቲና ነው፣ ብርሃኑ የሚያርፈውም እዚያው ሬቲና ላይ ነው። በ2023 የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ጉዳይ በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። 5 ወር ከተጠቀመች በኋላ የሁለቱም ዓይኗ ዕይታ ቀነሰ። ሐኪሞቹ ሲያዩ ሬቲናዋ ተጎድቷል። ስታቆም ተሻላት፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

አባት፦ እሷ አንድ ልጅ ናት። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ተጠቅመውበታል። እኔ የጠቀስኩት ጥናት ላይ የሬቲና ጉዳት የታየበት ልጅ የለም።

እናት፦ ያ ጥናት የአንድ ዓመት ነው። ደግሞስ ቤት ውስጥ ማን ይከታተላል? የ8 ዓመት ልጅ ብርሃኑ ከጠፋ በኋላ ጥላው ዓይኗ ላይ ቢቆይባት ላትናገር ትችላለች። ሁሉም ሰው እንደዚያ የሚያይ ይመስላታል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው፤ ጉዳቱ ቢጀምር የሚጮህልን የለም።

የፊዚክስ መምህር፦ ስለ ብርሃኑ ልናገር። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ውስጥ ያለው የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ቀይ ሌዘር ነው። በ2024 የሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁለት መሣሪያዎችን ለክተው ነበር። ሁለቱም አደጋቸው ዝቅተኛ ከሚባለው፣ ከአንደኛው የሌዘር ክፍል፣ የሚመደቡ ናቸው። ሆኖም 3 ደቂቃ ሳያቋርጡ ሲታዩ ለዓይን ከተፈቀደው የብርሃን ጣሪያ ይጠጋሉ ወይም ያልፋሉ ነው ያሉት። ሰው እኮ ኃይለኛ ብርሃን ሲመጣበት ይጨፍናል፣ ፊቱን ያዞራል። የተፈጥሮ መከላከያው ያ ነው። እዚህ ልጁን “ዓይንህን እንዳትነቅል” እያልነው ነው። አደራ፣ ማንም በሌዘር መጠቆሚያም ሆነ በቀይ አምፖል ቤቱ እንዳይሞክር።

የዓይን ሐኪም፦ አባትየው ያሉት ቁጥር ትክክል ነው፣ ብርሃኑ ይሠራል። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ከሬቲና ጀርባ ኮሮይድ የሚባል ደም ሥር የበዛበት ሽፋን አለ። በቀይ ብርሃን ይወፍራል። ስለዚህ ዓይኑ ሳይረዝም ቀረ ወይም አጠረ ሲባል ከፊሉ የዚህ ውፍረት ሊሆን ይችላል። ሌላው፣ ሕክምናው ሲቆም ዓይን እንደገና ፈጠን ብሎ መርዘም ይጀምራል። እንግዲህ ወላጅ የሚገባበት ነገር የ3 ወር አይደለም፣ የዓመታት ነው። በየቀኑ ለዓመታት የሚያርፍ ብርሃን ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ረጅም ክትትል ደግሞ ገና የለንም። እኔ አትሮፒን የሚባለውን የዓይን ጠብታ አስቀድማለሁ። 0.05 በመቶ የሆነው ሆንግ ኮንግ ውስጥ ተሞክሮ ማዮፒያን በማዘግየት ጥሩ ውጤት ሰጥቷል። ማታ ተደርገው ጠዋት የሚወልቁ ኮንታክት ሌንሶችም አሉ። ጠብታውም ሲቆም መመለስ አለው፣ አልደብቅም። ግን ጠባዩን እናውቀዋለን።

አስተማሪ፦ ሜዳውንስ ለምን ረሳችሁት? በቻይናዋ ጓንዡ ከተማ አንደኛ ክፍል ለገቡ ልጆች በትምህርት ቀን 40 ደቂቃ የውጭ ጊዜ ተጨመረላቸው። በ3 ዓመት ውስጥ አዲስ ማዮፒያ የያዛቸው 30.4 በመቶ ናቸው፣ ካልተጨመረላቸው ደግሞ 39.5 በመቶ። ጥናቱ በ2015 ወጥቷል። ሌዘር የለው፣ ጠብታ የለው።

አባት፦ እህቴ፣ እሱ ገና ላልያዛቸው ነው። የኔን ይዟታል።

የዓይን ሐኪም፦ እውነት ነው። ውጭ መዋል እንዳይጀምር ይረዳል፣ ከጀመረ በኋላ ለማዘግየት ግን አቅሙ ያንሳል። ቢሆንም ትውጣ።

እናት፦ አንድ ነገር ልጨምር። ቻይና ራሷ ከጁላይ 2024 ጀምሮ መሣሪያዎቹን ጥብቅ ቁጥጥር ካለበት ሦስተኛው የሕክምና መሣሪያ ክፍል አስገብታለች። ያልተመዘገበ አይሸጥም። አደጋ ባይታያቸው ለምን?

አባት፦ ይሄማ እኔን ነው የሚደግፈው። አልከለከሉም፣ ሥርዓት አስያዙት። እኔም በሐኪም እጅ ይሁን እንጂ ከመንገድ ገዝቼ ላድርግላት አላልኩም። ዶክተር፣ እርስዎን ልጠይቅ። ጠብታውም ሌንሱም ተሞክሮ መጨመሩን ባይተውስ?

የዓይን ሐኪም፦ ያኔ ተመካክረን እንወስናለን። ከመጀመሩ በፊት የሬቲናዋን ምስል እናነሳለን፣ ከዚያም በየጥቂት ወሩ። ከእያንዳንዱ 3 ደቂቃ በኋላ ዓይኗን ጨፍና ምን እንደሚታያት ይጠይቋታል። ጥላው ቶሎ ካልጠፋ ወይም ዕይታዋ ከደከመ በዚያው ቀን ይቆማል።

እናት፦ እኔ ያኔም አልፈቅድም። ረጅሙ ጥናት ይምጣ።

አባት፦ ረጅሙ ጥናት እስኪመጣ የልጄ ዓይን ረዝሞ ያልቃል። ለጊዜው ግን በጠብታው እንጀምራለን።