የአራስ ልጅ ስኳር ከተረከዙ ስለካው ለምን ይለዋወጥብኛል?

ጥያቄ፦ አዋላጅ ነርስ፣ ከጮቄ ግርጌ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። ሌሊት 2 ኪሎ ከ300 ግራም የሚመዝን ልጅ ተወለደ። ጡት መያዝ ስለሰነፈ ተረከዙን ወግቼ የደም ስኳሩን ለካሁ፤ 31 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) አለ። ደንግጬ ሌላኛውን እግር ወጋሁ፤ 58! የቱን ልመን? ደሙም ጠብ አላለልኝም፤ ጨምቄ ጨምቄ ነው ያወጣሁት። አያቱ በሩ ላይ ቆመው «ኧረ ያለችውን ደም ልትጨርሷት ነው!» እያሉ ቆሌዬን ገፈፉት። ልጁ ኋላ ጠብቶ ተኛ፤ አሁን ደህና ነው። ለሚቀጥለው ግን ምን ላድርግ?

መልስ፦ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ

ሲስተር፣ ከመውጋትሽ በፊት እግሩን ነክተሽው ነበር? በእናንተ ብርድ በረዶ ሆኖ ይሆናል። የቀዘቀዘ ተረከዝ ደም አይሰጥም፣ የሰጠውም አይታመንም። ልጁን እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጊው። ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነክረሽ፣ ጨምቀሽ፣ ተረከዙን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠቅልይለት። ውሃው ከ42 ዲግሪ አይለፍ፤ መጀመሪያ በክንድሽ ውስጠኛ ቆዳ ሞክሪው።

የምትወጊው ቦታ የተረከዙ የታችኛው ገጽ ግራና ቀኝ ጠርዝ ብቻ ነው። መሃሉንና የኋላ ጉብታውን አትንኪ፤ አጥንቱ ቅርብ ነው። ላንሴቱ (መውጊያው ስለት) ከ2.4 ሚሊ ሜትር በላይ የሚገባ አይሁን፤ ቀኑ ሳይሞላ ለተወለደ 0.85 ይበቃል። የመድኃኒት መርፌ ግን በፍጹም!

መልስ፦ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ባህር ዳር

አልኮሉስ ደርቆ ነበር? ሁላችንም የምንቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ከጠረግሽ በኋላ ራሱ እስኪደርቅ ጠብቂ፤ እፍ አትበይበት። እርጥብ ከሆነ ከጠብታው ጋር ይቀላቀልና ውጤቱን ያበላሻል። የመጀመሪያዋን ጠብታ በደረቅ ጥጥ ጥረጊያት፣ ሁለተኛዋን ለኪ። ስትጨምቂ ደግሞ የሥጋው ፈሳሽ አብሮ ይወጣና ደሙን ያቀጥነዋል። ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ እያደረግሽ ራሱ እንዲሞላ ተዪው።

አራስ ልጅ ቀይ የደም ሕዋሱ ብዙ ነው፤ ደሙ ወፍራም ነው። ለአዋቂ የተሠራ መለኪያ እንዲህ ያለውን ደም ዝቅ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። መሣሪያውም ብርድ አይወድም፤ ብዙዎቹ ከ10 ዲግሪ በታች በትክክል አይሠሩም። መስኮት ላይ አታሳድሪው። የስትሪፑን (ደሙ የሚነካበትን የመለኪያ ወረቀት) ጊዜ ማለፊያ እዪ፣ ክዳኑን ቶሎ ግጠሚ፤ እርጥበት ያበላሸዋል።

መልስ፦ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ

ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ግን ሲስተር መሣሪያውን ስትጠረጥር እንዳታድር! ከ45 በታች ካየሽ እውነት ነው ብለሽ ተነሺ። መጥባት ከቻለ ወዲያው ይጥባ፤ ካልቻለ የእናቱ ወተት ታልቦ በኩባያ ይሰጠው። ከ30 ደቂቃ በኋላ ድገሚው። ከተንቀጠቀጠ፣ ከዛለ ወይም ካንዘፈዘፈው ግን ሁለተኛ ልኬት አትጠብቂ። 10 በመቶ ግሉኮስ በኪሎ 2 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ቀስ አድርገሽ ስጪና ሪፈር ጻፊ። ልኬት ዝቅ ሲል መጠርጠር ያለበት ልጁ ነው፣ መሣሪያው ኋላ ይደርሳል።

መልስ፦ እናት፣ ፍኖተ ሰላም

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ልጄ ቢጫ ሲሆን ለቢሊሩቢን (ቢጫ ለሚያደርገው ንጥረ ነገር) ምርመራ ተረከዙን ሲወጉት አልጋ ላይ አጋድመውት ጩኸቱ አጥር ተሻገረ። በማግሥቱ ሌላዋ ነርስ «እያጠባሽ ያዥው» አለችኝ፤ አንዴ ነጨት ብሎ መጥባቱን ቀጠለ። ፕላስተር ግን አትለጥፉ እባካችሁ። የኔው ወልቆ ብርድ ልብሱ ውስጥ አገኘሁት፤ አፉ ቢገባስ ኖሮ? በጥጥ ጫን አድርጎ መያዝ ይበቃል።

ለአያትየው ደግሞ ጠብታዋን አሳዪአቸው እቴ። የምስር ፍሬ አታህልም።

ጠያቂዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ አንዲት ልጅ ተወልዳ እንዳላችሁት አሙቄ፣ እያጠባች ለካሁ፤ 52። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደገምኩ፤ 54። ጠብታዋን ለአያቷ ባሳያቸው «ይቺው ናት?» ብለው ቡና አስፈሉልኝ። የስትሪፑን ጣሳ ግን ዛሬም ክዳኑ ገርበብ ብሎ አገኘሁት። አዲስ ጣሳ ከፍቻለሁ። የድሮውን ማን እንደተወው አልጠይቅም፣ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ።