ስልኬ ጀርባው ተነፋ! ቻርጅ ላድርገው ወይስ ይቅር?

ሚጣ አራት ኪሎ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ማታ ቻርጅ ላይ እያለ መብራት ሄዶ መጣ። አሁን ሳየው የጀርባው ክዳን በአንድ በኩል ተነስቷል፣ ጥፍሬ ይገባበታል። 11 ፐርሰንት ነው የቀረው። ቴሌብሬም፣ የሥራ ስልኬም እሱው ነው። መብራቱ ነው አይደል ያበላሸው? ወንድሜ በመርፌ ወጋ አድርጊውና አየሩ ይውጣ ይለኛል። ልውጋው?

አቡሽ፦ ማርያም ትቅረብሽ እህቴ፣ ስልክሽ ወሯ ገብቷል። መርፌዋን ግን የምሬን ነው አስቀምጫት።

ጋሽ ራዲዮ፦ ልጄ፣ ውስጡ ያለው ተራ አየር እንዳይመስልሽ። ሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ ወይም ሲግል ፈሳሹ ይበላሽና ጋዝ ይሆናል፣ እሱ ነው የነፋው። ከወጋሽው ውስጥ ለውስጥ ይነካካል፣ ከዚያ እሳት ነው። እኛ በኖኪያ ዘመን ባትሪውን አውጥተን ሱሪያችን ላይ ጠረግ አድርገን ስንመልሰው ይሠራ ነበር። ያ ጊዜ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሳምሰንግ ኖት 7ን ከየአገሩ የሰበሰበው በባትሪው እሳት ምክንያት ነው።

ቢኒ፦ ሪስታርት አድርጊው። ለኔ ሠርቷል።

ሳሮን ካዛንቺስ፦ ሁሉን በመብራት ማሳበብ ለምዶብን ነው እንጂ። መብራት ሲመለስ ቻርጀር ሊያቃጥል ይችላል፣ እሺ። ባትሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ነው የሚያብጠው፣ ከቨሩ ደብቆሽ ይሆናል። ቻርጀሩ የስልኩ ነው? የት አስቀምጠሽ ነው የምትሰኪው?

ሚጣ አራት ኪሎ፦ ለገሃር ታክሲ ተራ ከመንገድ ላይ የገዛሁት ነው፣ 200 ብር። ኦርጅናል ነው ብሎኛል። አላርሙ እንዳያመልጠኝ ብርድ ልብስ ውስጥ ይዤው ነው የምተኛው። አሁንም እንደተሰካ ነው።

ሳሮን ካዛንቺስ፦ አሁንም?! ንቀይው!

ኤፍሬም፦ ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው፣ ይቀዘቅዛል።

ዳዊት ጥገና፦ ፍሪጅ አይሆንም፣ ሲወጣ ውኃ ይቋጥራል። ስልክ ሠሪ ነኝ፣ ስሚኝ። መጀመሪያ ከግድግዳው ንቀይ፣ ከዚያ አጥፊው። ከቨሩን አውልቂለት። ክዳኑን ተጭነሽ ለመግጠም እንዳትሞክሪ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከአልጋና ከመጋረጃ ርቆ ሴራሚክ ላይ ወይ ብረት ድስት ውስጥ ይደር። ሲሙን አውጥተሽ ወንድምሽ ስልክ ላይ ክተቺው፣ ቴሌብር በ*127# ያለ አፕም ይሠራል። ጠዋት ባትሪውን አስቀይሪ፣ አሮጌውን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣይው፣ ሠሪው ጋ ተይው። ከጨሰ ወይ እንደ አሴቶን ከሸተተሽ ከቤት ውጡና እሳት አደጋ 939 ደውዪ።

አቡሽ፦ በየትኛው ስልክ?

ዳዊት ጥገና፦ በወንድሟ። መርፌውን ተቀበሉትና።

ጋሽ ራዲዮ፦ ቻርጀሩንም አብረሽ ጣይው። የግድግዳው 220 ቮልት ነው፣ ተራ ቻርጀር 5 ቮልት አድርጎ ነው የሚያወርደው። ፌኩ ሁለቱን የሚለየውን ነገር ይቆጥባል። በእጅሽ መዝኚው፣ እንደ ባዶ ክብሪት ሣጥን ከቀለለ ተጠራጠሪ። ኦርጅናሉንም ቢሆን ብርድ ልብስ ውስጥ አትሰኪ፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

ቢኒ፦ ሪስታርት አደረግሽው?

ሳሮን ካዛንቺስ፦ ሚጣ፣ ነጋ እኮ። ምን ደረሰ?

አቡሽ፦ ድስቱ ውስጥ ሽሮ ሠርታበት ይሆናል።

ቢኒ፦ ዳዊት፣ የኔም ክዳን ለካ ትንሽ ተነስቷል። ባትሪ በስንት ነው የምትቀይረው?