የቃሪያ ተክልን ከግንድ ቁራጭ ማራባት፦ ቁራጮቼ ለምን ጠቆሩ?

የታቦር ጓሮ (ሐዋሳ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከታቦር ተራራ ግርጌ በሚገኘው ግቢዬ ውስጥ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሳያቋርጥ የሚያፈራ አንድ የቃሪያ ተክል አለኝ። ፍሬው ረጅም፣ ሥጋው ወፍራም፣ ማቃጠሉም ልከኛ በመሆኑ በጾም ወራት ጎረቤቶቼ ለስንግ የሚፈልጉት የእኔን ቃሪያ ነው። ችግኙን ከገበያ ስለገዛሁት የዝርያውን ስም አላውቅም። ባለፈው መስከረም ከቀላ ፍሬ ዘር አውጥቼ ዘርቼ ነበር፤ ነገር ግን ካደጉት 12 ችግኞች መካከል እናቱን የመሰለ አንድም አላገኘሁም። ገሚሱ አጭርና እጅግ የሚያቃጥል፣ ገሚሱም ቀጭንና ሥጋ የሌለው ፍሬ አፈራ።

በዚህ ምክንያት ተክሉ ሳያረጅብኝ ከግንዱ ቆርጬ ለማራባት ወሰንኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት የእርሳስ ውፍረት ያላቸው 8 ቅርንጫፎች ቆርጬ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩና ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ አስቀመጥኳቸው። በአምስተኛው ቀን ቅጠላቸው መርገፍ ጀመረ፤ አበባቸው ግን ጥቂት ቀናት ቆየ። ከዚያም ውሃ ውስጥ የነበረው የግንዱ ክፍል ጠቁሮ ለሰለሰ፤ ሥር ያወጣ አንድም የለም። ቃሪያ በእርግጥ በቁራጭ ይራባል? የሚራባ ከሆነስ የተሳሳትኩት የቱ ላይ ነው? ያለኝ ተክል አንድ ብቻ ስለሆነ በግምት ደግሜ ልቆርጠው አልደፈርኩም።

አትክልት ወዳድ (አዳማ)

ጤና ይስጥልኝ። አዎን፣ ይራባል፤ እኔም አዳማ በሚገኘው ጓሮዬ ቃሪያና ሚጥሚጣ በዚህ መንገድ አራብቻለሁ። ይሁን እንጂ ቃሪያ እንደ ቲማቲም ቸር አይደለም። የቲማቲም ቁራጭ ውሃ ውስጥም ቢሆን በሳምንት ገደማ ሥር ሲያወጣ፣ ቃሪያ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። ግንዱ ይህን ያህል ጊዜ በቆመ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ አየር ያጥረውና ሥር ከማውጣቱ በፊት ይበሰብሳል፤ በእርስዎም ላይ የደረሰው ይህ ይመስለኛል። ውሃው በየቀኑ ቢቀየር አንዳንዱ ሊሳካ ይችላል፤ ነገር ግን ውሃ ውስጥ የወጣ ሥር ተሰባሪ ስለሆነ ወደ አፈር ሲዛወር ብዙው ይጎዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው በእርጥብ አሸዋ መጀመር ይሻላል።

ከጻፉት ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ የአበባው ነገር ነው። ሥር የሌለው ቁራጭ በግንዱና በቅጠሉ ውስጥ ካለው ጥቂት ስንቅ በቀር የሚኖርበት የለውም፤ ያንን ስንቅ ለአበባ ካዋለው ለሥር የሚተርፍ አይኖርም። በመሆኑም አበባ ያልያዘ የጎን ቅርንጫፍ ይምረጡ፤ ካልተገኘም አበባውን፣ እምቡጡንና ፍሬውን በሙሉ ይቀንጥሱ።

ቅርንጫፉ ሲያጎብጡት ትንሽ የሚተጣጠፍ፣ እንጨት ያልሆነ፣ ግን እንደ ጫፉ ለጋ ያልሆነ ይሁን። ርዝመቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ተክሉ ውሃ ጠግቦ በሚያድርበት በማለዳ፣ በአዲስ ምላጭ፣ ከአንጓው (ቅጠሉ ከግንዱ ከሚወጣበት ቦታ) ዝቅ ብለው ይቁረጡ፤ ሥር በብዛት የሚወጣው በአንጓው አካባቢ ነውና። ከላይ 2 ወይም 3 ቅጠል ብቻ ትተው የታችኞቹን ያንሱ፤ የቀሩትም ሰፋፊ ከሆኑ እኩሌታቸውን በምላጭ መቁረጥ በቅጠሉ በኩል የሚተነውን ውሃ ይቀንሳል። የሥር ማብቀያ ሆርሞን ዱቄት ካገኙ ጫፉን ነካ ማድረግ ሥሩን ያፋጥናል፤ ያለ እርሱም ግን ይሆናል።

በደንብ የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ ወይም እኩል የተደባለቀ አሸዋና የበሰለ ኮምፖስት፣ ከሥሩ በተበሳ ዕቃ ውስጥ ይሙሉ። በጣት እየበሱ ቁራጩን እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይትከሉና ዙሪያውን ጫን ያድርጉ። ከዚያ በላዩ ቂጡ የተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ ይድፉበት፤ ሥር እስኪወጣ ድረስ ቅጠሉን ከመጠውለግ የሚያድነው በውስጡ የሚታፈነው እርጥበት ነው። በቀን አንድ ጊዜ ከፍተው ያናፍሱት፤ ካልሆነ ሻጋታ ይይዘዋል። ቦታው ብርሃን ያለው፣ ግን ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ይሁን። በመስኮቱ ላይ የነበሩት ቁራጮች ቅጠላቸውን በፍጥነት ያረገፉት አንድም በዚህ ሳይሆን አይቀርም። እናንተ ዘንድ የክረምቱ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ማታ ማታ ወደ ቤት ያስገቡት፤ አሸዋው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሲሞቅ ሥሩ ይፈጥናል።

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ (ሐዋሳ)

ከአዳማ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከምላጩ በፊት የሚመጣ ጉዳይ ስላለ እርሱን ልጨምር። በቁራጭ የሚገኘው ችግኝ የእናቱ ቅጂ ነው። ይህም ማለት የፍሬው ጥራት እንደሚተላለፍ ሁሉ በውስጧ ያለው በሽታም አብሮ ይተላለፋል ማለት ነው። በአገራችን በርበሬ ላይ የኢትዮጵያ በርበሬ ሞትል ቫይረስ የሚባለውና የድንች ቫይረስ ዋይ ይታወቃሉ፤ ሁለቱም ከተክል ወደ ተክል የሚጓዙት ክሽክሽ በሚባሉት የተክል ጭማቂ በሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት አማካይነት ነው። ቫይረስ አንዴ ከገባ በተክሉ አካል ሁሉ ስለሚሰራጭ፣ ጤነኛ ከሚመስለው ቅርንጫፍ ቢቆርጡም ከበሽታው አያመልጡም። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ደግሞ በእጅና በምላጭ ጭምር ይተላለፋል። ስለዚህ በተለይ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ቃሪያ መንካት የለበትም፤ ምላጩም በአንድ እጅ በረኪናና በዘጠኝ እጅ ውሃ መነከር አለበት።

ዘሩ እናቱን ያልመሰለበት ምክንያት ከሁለት አንዱ ነው። ተክሉ ድቅል፣ ማለትም ከሁለት የተለያዩ ዝርያዎች የተገኘ ከሆነ፣ ከፍሬው የሚወጣው ዘር የወላጆቹን ጠባይ በተለያየ መልክ ይበታትነዋል። ድቅል ባይሆንም ቃሪያ ምንም እንኳ በአመዛኙ በራሱ የአበባ ብናኝ ቢያፈራም ንብ ከጎረቤት ጓሮ የሚጥሚጣ ወይም የበርበሬ የአበባ ብናኝ ልታመጣበት ትችላለች፤ ውጤቱም በዚያው ዓመት ፍሬ ላይ ሳይሆን ከዘሩ በሚበቅለው ተክል ላይ ይታያል። እንደ ማረቆ ፋናና መልካ አዋዜ ያሉት የበርበሬ ዝርያዎች ድቅል ስላልሆኑ ከሌላ ርቀው ከተተከሉ ዘራቸው እናቱን ይመስላል። ለእነዚህና ለማሳ ምርት ከዘር የተሻለ መንገድ አለ ብዬ አላምንም። ቁራጭ የሚጠቅመው እንደ እርስዎ ላለው፣ ከዘሩ ሊገኝ ለማይችል ነጠላ ተክል ነው።

የታቦር ጓሮ (ሐዋሳ)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሳችሁን ካነበብኩ በኋላ ተክሉን ቅጠል በቅጠል መረመርኩት፤ በምሥራቅ በኩል ያሉት ሁለት ቅርንጫፎች አዲስ ቅጠላቸው ተጨማዷል። ይህ ቫይረስ ከሆነ ተስፋ ልቁረጥ?

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ (ሐዋሳ)

ገና ተስፋ አይቁረጡ፤ የቅጠል መጨማደድ ብቻውን ቫይረስ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የቅጠሉን ጀርባ ገልብጠው ይመልከቱ። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ክሽክሽ ካለ፣ ወይም ቅጠሉ የሚያጣብቅ ከሆነ፣ ጥቂት ሳሙና በተቀላቀለበት ውሃ ማለዳ ወይም ማታ እየረጩ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያጥቡት። ቅጠሉ ጠቦና ጠንክሮ ወደ ታች ከተጠቀለለ፣ ጀርባውም የነሐስ መልክ ካለው፣ ሚጥ የምትባል በዓይን የማትታይ ተባይ ልትሆን ትችላለች፤ በዚህ ጊዜ የተጎዱትን ጫፎች ቆርጠው ከግቢ ያርቁ። በአዲሱ ቅጠል ላይ ብጫና አረንጓዴ ተዘበራርቀው እንደ ካርታ የሚታዩ ከሆነ ግን ቫይረስ ነው ብለው ይያዙት፤ ከዚህ ተክል አያራቡ፣ ከሌሎች ቃሪያዎችዎም ይለዩት።

ክሽክሹ ከጠፋ በኋላ የሚወጣውን አዲስ ቅጠል ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ከምዕራቡ በኩል 5 ወይም 6 ቁራጮች ይውሰዱ፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አይጨርሱ።

አትክልት ወዳድ (አዳማ)

ያን ጊዜ እንዳይረሱት አንድ ነገር ልጨምር። ሥር መውጣቱን ለማየት ቁራጩን አይንቀሉ፤ በቀስታ ሲስቡት ከተቋቋመና አዲስ ቅጠል ካቆጠቆጠ ሥር ይዟል። ፕላስቲኩን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እያነሱ ከውጭው አየር ጋር ያላምዱት፤ ማዳበሪያም የሚሰጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከቁራጭ የተገኘ ቃሪያ ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር ስለሌለውና ሥሩ ከላይ ስለሚበተን፣ ፍሬ ሲከብደው በቀላሉ ይወድቃል። በአዳማ ነፋስ ሁለት ተክል እንዲህ ስለወደቀብኝ አሁን በተከልኩበት ዕለት አጠገቡ የቀርከሃ ድጋፍ አቆማለሁ።