ቡድኔ ችግሩን ሳያየው መፍትሔ ይሠራል፤ እንዴት ኮች ላድርገው?

ጥያቄ (ፍሬሕይወት)
ሰላም ለሁላችሁ። ቢሯችን ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ 4 ዴቨሎፐር፣ 1 ዲዛይነር፣ ኦፕሬሽን የሚከታተል 1 ልጅ፣ እኔን ጨምሮ 7 ነን። የምንሠራው ከሱቅ የታዘዘ ዕቃ በሞተር የሚያደርስ አፕ ነው። ከ100 ትዕዛዝ 22 ገደማው ሳይደርስ ይመለሳል። በ3 ስፕሪንት (አጭር የሥራ ዙር) 3 ፊቸር ጨመርን፦ ካርታ ላይ ፒን ማድረጊያ፣ ከሞተረኛው ጋር ቻት፣ የማስታወሻ መልእክት። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ስብሰባ ስንቀመጥ ችግሩ ተነግሮ ሳያልቅ አንዱ «እንዲህ ብናደርግስ?» ይላል፣ ሌላው ይከተላል። መልሱን እኔ ብነግራቸው ይሠሩታል፤ የሚቀጥለው ችግር ግን ተመልሶ እኔ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። ራሳቸው አስበው እንዲፈቱ ከየት ልጀምር?

መልስ (ጥቁር ሰሌዳ)
ከማጻፍ ጀምሪ። አንድ ኤ3 ወረቀት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስንት። ቀላል ወንፊት ልስጥሽ፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «አለመኖር» ወይም «እጥረት» የሚል ቃል ካየሽ መልሺላቸው። «ትክክለኛ ካርታ አለመኖር» ችግር አይደለም። ካርታ የሚባል መፍትሔ በጓሮ በር ገብቶ ነው። «ከሰዓት በኋላ የታዘዘ ዕቃ ከ10 ሦስቱ ደንበኛው በር ሳይደርስ ይመለሳል» ካሉ ግን ወደ ሥራ መግባት ይቻላል።

ከዚያ 22 በመቶውን ለጊዜው እርሱት። ባለፈው ሳምንት ከተመለሱት 30 ትዕዛዝ ዝም ብላችሁ በዕጣ አውጡ። 3 ጥንድ ሁኑ፣ ለአንድ ጥንድ 10 ትዕዛዝ፣ 90 ደቂቃ። አንድ ትዕዛዝ በአንድ ስቲከር ወረቀት፤ የሚጻፈው የታዘዘበት ሰዓት፣ ይደርሳል የተባለበት ሰዓት፣ ደንበኛው የጻፈው አድራሻ ቃል በቃል፣ ስንት ጊዜ ተደውሎ ስንት ጊዜ እንደተነሣ፣ ሞተረኛው የሰጠው ምክንያት። ምድብ አስቀድመሽ አታዘጋጂ፤ ካዘጋጀሽ 30ውንም «ደንበኛ አልተገኘም» ውስጥ ያጉሩልሻል። እሱ ደግሞ ሞተረኛው ስልክ ላይ ያለ ቁልፍ ነው እንጂ ምክንያት አይደለም። ፀሐይ ላይ ቆሞ አንዱን መንካት ያለበት ሰው አናት ላይ ያለውን ይነካል። ስቲከሮቹ ግድግዳው ላይ ከተለጠፉ በኋላ የሚመሳሰሉትን ራሳቸው ያሰባስቡ፣ ስሙንም ራሳቸው ያውጡ።

ያን ጊዜ ያንቺ ሥራ አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይህን ከየት አወቃችሁ?» ሎግ (ሲስተሙ የመዘገበውን) አይተው ከሆነ ይለፍ። «መቼም ግልጽ ነው» ካሉሽ አይለፍ።

መልስ (ባለ ሰዓቱ)
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሰዓቱ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። አንድ ደንበኛ ማስታወሻው ላይ «3 ሰዓት አድርሱልኝ» ብሎ ይጽፋል፤ ጠዋት ማለቱ ነው። ስልኩ ያንኑ ሰዓት 9፡00 ይለዋል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ አዲስ አበባ 3 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ዳታቤዙ ውስጥ 6፡00 ሆኖ ይቀመጣል። አንድ ቅጽበት ሦስት ቁጥር አገኘ። ማስታወሻውን አንብቦ ሞተረኛ የሚመድበው ሰው 3፡00ን በፈረንጅ ቆጥሮ ከሰዓት ካደረገው፣ ዕቃው 9 ሰዓት ላይ ይሄዳል፤ ልክ 6 ሰዓት ዘግይቶ።

መፈተሻው ቀላል ነው። ሞተረኛው ከደረሰበት ሰዓት ላይ ደንበኛው የፈለገውን ሰዓት ቀንሱ። ልዩነቱ እዚህም እዚያም ከተበተነ ጉዳዩ ሌላ ነው። 6 ላይ ከተከመረ ግን ትራፊክም ሞተረኛም አይደለም። መፍትሔውም ፊቸር አይፈልግም፤ በሁሉም ገጽ ላይ «ጠዋት 3 ሰዓት»፣ «ከሰዓት 9 ሰዓት» ተብሎ በቃል መጻፍ ነው።

ይህን ግን አትንገሪያቸው። «ሁለቱን ሰዓት ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አሳዩኝ» በይና ዝም በይ። ከ30ው ውስጥ አንድም ላይኖር ይችላል፤ ከሌለ የጠፋው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

መልስ (አወያይዋ)
እህቴ፣ ትልቁ እንቅፋት ዘዴው ሳይሆን ስብሰባው ላይ ማን ቀድሞ እንደሚናገር ነው። እኛ ዘንድ ታላቁ ከተናገረ ታናሹ «ልክ ነው» ይላል፤ አክብሮት ነው፣ ግን ዕውቀት ይቀብራል። ስለዚህ ተራውን ገልብጪው። 8 ደቂቃ ሁሉም በዝምታ ይጻፍ። ከዚያ በቅርብ የተቀጠረው መጀመሪያ፣ ሲኒየሩ ከሁሉም በኋላ፣ አንቺ ጨርሶ አትናገሪ። ኦፕሬሽን ላይ ያለው ልጅ ከሞተረኞች ጋር ውሎ የሚያድር ስለሆነ ከዴቨሎፐሮቹ በፊት ይናገር።

ሁለተኛ፣ «ለምን» የምትለዋን ቃል በቁጥብ ተጠቀሚባት። አምስት ጊዜ ለምን ብሎ መጠየቅ ከቶዮታ ፋብሪካ የመጣ ዘዴ ነው፤ እዚያ የሚጠየቀው ስለ ማሽኑና ስለ አሠራሩ ነው። በአማርኛ «ለምን አልደወልክም?» ስትይ ጥያቄ ሳይሆን ወቀሳ ነው የሚሰማው፣ ሰውየውም መከላከል ይጀምራል። ሦስተኛው «ለምን» ላይ «ሞተረኛው ግዴለሽ ስለሆነ» የሚል መልስ ይመጣና በሩ ይዘጋል። «ምን ሆኖ ነው?»፣ «እዚህ እንዴት ደረሰ?» በይ። መልሱ ሰው ላይ ካረፈ ደግሞ «ሌላ ሰው እሱ ቦታ ላይ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?» ብለሽ አስቀጥይ። አንድ ሰንሰለት ብቻም አታስጎትቻቸው፤ ለአንዱ ጥያቄ ሁለት ሦስት መልስ ካለ ቅርንጫፍ ይውጣለት።

ፍሬሕይወት
በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሲኒየሩ ዴቨሎፐር «30 ትዕዛዝ ማንበብ ጊዜ ማጥፋት ነው፣ ዳታው ላይ ኩዌሪ (ከዳታቤዙ መረጃ መጠየቂያ) እንሥራ» እያለ ነው። አለቃዬም «መቼ ያልቃል?» እያሉ ቀን ይጠይቁኛል።

መልስ (ጥቁር ሰሌዳ)
ሲኒየሩ ኩዌሪውን ይሥራ፣ ግን ከንባቡ በኋላ። ኩዌሪ የሚመልሰው አስቀድሞ ኮለም (በዳታቤዙ ሠንጠረዥ የራሱ ዓምድ) የተሰጠውን ነገር ነው። አድራሻ ላይ «ከፋርማሲው ጀርባ፣ ቢጫው ግንብ» ተብሎ ሲጻፍ ዳታው ሙሉ ይመስላል፤ ፋርማሲው ግን ፈርሶ ሊሆን ይችላል። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ካዛንቺስን ከቀየረ ወዲህ በድሮ ምልክት የተቀመጠ አድራሻ ብዙ ነው፤ ይህን የሚይዝ ኮለም የላችሁም። ሲኒየሩን ከኦፕሬሽኑ ልጅ ጋር አጣምሪውና ግማሽ ቀን ሞተረኛ ይከተሉ። በተለየ ሞተር፣ የራስ ቁር አድርገው፣ ጥያቄ ሳያበዙ። ሞተረኛው የት ቆሞ ስንት ደቂቃ ስልክ እንደያዘ ብቻ ይጻፉ።

መልስ (ቀመረኛ)
ለአለቃሽ የመፍትሔ ቀን አትስጪ፣ የምታውቁበትን ቀን ስጪ፦ «እስከ ዓርብ ትልቁን ምክንያት እናውቃለን፣ በሚቀጥለው ሐሙስ የመጀመሪያውን ሙከራ ውጤት አሳይዎታለሁ።» አለቃ የሚያስጨንቀው የዘገየ ቀን ሳይሆን ባዶ ቀን ነው። (ሁልጊዜ አይሠራም፤ ኢንቨስተር የሚጠብቅ አለቃ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ከቡድኑ ጋር በየሁለት ቀኑ 15 ደቂቃ፣ በዚያው ሰዓት፣ ግድግዳው አጠገብ ቆማችሁ፣ ሳይለወጥ ይህን ጠይቂ። የት መድረስ ነው የምንፈልገው? አሁን የት ነን? ምን ያዘን? ከያዙን ውስጥ አሁን የምንነካው የቱን ነው? ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው፣ ምን ይሆናል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? ሄደን የምናየው መቼ ነው? የሚጠብቁት ነገር ከሙከራው በፊት በቁጥር ይጻፍ። ካልተጻፈ ውጤቱ ሲመጣ ሁሉም «ድሮም ብዬ ነበር» ይላል።

ሙከራው ኮድ የሌለው ይሁን። ለምሳሌ ከቦሌ ወገን ብቻ፣ 2 ቀን፣ 40 ትዕዛዝ፣ ሞተረኛው ከመነሣቱ 20 ደቂቃ በፊት ከቢሮ ተደውሎ አድራሻው በምልክት ይረጋገጥ። ቁጥር ላይ ግን ተጠንቀቁ። በ22 በመቶ ከ40ው 9 ገደማ ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል፤ ምንም ሳትነኩ በዕድል ብቻ ከ4 እስከ 14 ሊዋዥቅ ይችላል። 7 ቢመለስ «ተሻሻለ» ብላችሁ ኬክ አትቁረሱ። 2 ከሆነ እንደገና ሞክሩት። 6 ወይም 7 ከሆነ ትዕዛዙን ወደ 150 አሳድጉና ድገሙት። ቦሌ ብቻውን ከ22 በመቶው በላይ ወይም በታች ሊሆን ስለሚችል ደግሞ መነሻውን ከቦሌ ያለፉ ሳምንታት ውሰዱ እንጂ ከጠቅላላው አይሁን።

መልስ (ባለ ሰዓቱ)
አንድ ተቃውሞ። ሁሉም ነገር በኮቺንግ አይፈታም። ሰርቨር ከወደቀ ወይም ከደንበኛ ሁለት ጊዜ ክፍያ ከተቆረጠ ጥያቄ እየጠየቅሽ አትቁሚ፤ የሚያውቀው ሰው ያስተካክል፣ ውይይቱ በማግስቱ ይሁን። ጥያቄ የሚያዋጣው መልሱን አንቺም በትክክል ለማታውቂው ችግር ነው። መልሱን እያወቅሽ «እስቲ አስቡ» የምትዪ ከሆነ በሁለተኛው ቀን ይነቁብሻል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያስቡት ስለ ችግሩ ሳይሆን አንቺ ልብ ውስጥ ስላለው መልስ ነው። የሰዓቱን ነገር አሁን ስላወቅሽ «እኔ እዚህ ላይ ግምት አለኝ፣ እናንተ አይታችሁ አፍርሱት» ብትዪ ይሻላል።

መልስ (አወያይዋ)
ልክ ነው፣ እኔም ይህን መጨመር ነበረብኝ። ጥያቄ ከጠየቅሽ በኋላ ደግሞ በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ። ዝምታው ከአንቺ በላይ የሚከብደው ሰው ይናገራል።

ፍሬሕይወት
ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት እንጀምራለን (ጠዋት ብዬ ጽፌያለሁ!)። ኤ3 የሚያትም ፕሪንተር ቢሮ የለንም፣ ችግር አለው?

መልስ (ጥቁር ሰሌዳ)
የለውም። ሁለት ኤ4 ጎን ለጎን በፕላስተር አያይዢ፣ ልክ አንድ ኤ3 ይሆናል። ማተምም አያስፈልግም፤ በእርሳስ ይጻፍ፣ ላጲስም አስቀምጪ።