ማይክሮ ሚድ፦ እኔ 8.49 አገኘሁ፣ መልሱ 9 ነው። የት ተሳሳትኩ?

ሁለተኛ ዓመት ኢኮ

ሰላም ለሁላችሁ። የማይክሮ ኢኮኖሚክስ ሚድ ፈተናችን ተመልሶልናል። አንድ ጥያቄ ላይ ከ8 ነጥብ 3 ነው ያገኘሁት። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ጥያቄው ይኸውላችሁ። አንድ ተማሪ በሳምንት 240 ብር አለው። ሻይ 10 ብር፣ ዳቦ 12 ብር ነው። ዩቲሊቲው (እርካታው) የሻይና የዳቦ ብዜት ነው። ሻይ 20 ብር ሲገባ ሰብስቲቲውሽን ኢፌክቱን (ሻይ ከዳቦ አንጻር በመወደዱ የመጣውን ለውጥ) እና ኢንካም ኢፌክቱን (አቅሙ በመሳሳቱ የመጣውን) ለይታችሁ አሳዩ።

በላግራንጅ (በበጀቱ ትልቁን እርካታ በሚፈልገው ዘዴ) ሠራሁት። መጀመሪያ 12 ሻይና 10 ዳቦ ይገዛል። ሻይ ከተወደደ በኋላ 6 ሻይ ብቻ። እስከዚህ ራይት ተደርጎልኛል። መሃል ላይ ያለችውን ነጥብ፣ ማለትም ሻይ ተወዶ የአቅሙ መሳሳት ቢካካስለት የሚገዛውን ሻይ ግን እኔ 8.49 አገኘሁ፣ መልሱ 9 ነው ተባልኩ። ሦስቴ ደጋግሜ ሠራሁት፣ ያው 8.49 ነው የሚመጣው። ፋይናል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እባካችሁ የገባችሁ አስረዱኝ።

ጠመኔ

አትጨነቂ፣ ፎርሙላውን ሸምድጂው። የዋጋውን ጭማሪ በድሮው መጠን አባዢና ገቢው ላይ ደምሪ። 10 ሲባዛ በ12፣ 120። ሲደመር 240፣ 360 ይሆናል። ዩቲሊቲው ብዜት ስለሆነ ግማሹ ለሻይ ነው፣ 180 ለ20 ሲካፈል 9። እኔ በዚህ ነው ያለፍኩት።

የዶርም 14 ልጅ

ፎርሙላው ልክ ነው። ግን እህቴ፣ ሸምድደሽ እንድትሄጂ አልፈልግም፤ ስሌትሽ ምንም ስህተት የለበትም። 8.49 በኢኮኖሚስቱ በሂክስ መንገድ የሚመጣ መልስ ነው። መምህሩ የፈለጉት የሌላውን ኢኮኖሚስት፣ የስሉትስኪን ነው።

ከተመረቅኩ አራት ዓመቴ ነው። ይህቺው ነገር እኔንም አስለቅሳኛለች። ያኔ የዶርማችን በር ጀርባ ላይ ሦስት በጀት ላይን (በገቢው መግዛት የሚቻለውን የሚያሳይ መስመር) በጠመኔ ስዬ ሳምንት ሙሉ እየተኛሁ እየተነሳሁ አያት ነበር። የገባኝ ግራፉን ትቼ ልጁን ሳስበው ነው።

ሻይ ሲወደድ ልጁ ላይ ሁለት ነገር ይደርሳል። አንደኛ፣ ሻይ ከዳቦ አንጻር ውድ ሆነ። ሁለተኛ፣ ኪሱ ሳሳ። ሁለቱ ተደባልቀው ነው የሚመጡት። ለመለየት የሳሳውን ኪሱን በሐሳብ እንሞላለታለን፣ ከዚያ ለውድነቱ ብቻ ምን እንደሚያደርግ እናያለን። ጥያቄው ታዲያ ስንት ብር እንጨምርለት ነው።

ስሉትስኪ «የድሮውን 12 ሻይና 10 ዳቦ መግዛት ይቻለው» ይላል። ለዚህ 360 ብር ያስፈልጋል። ሂክስ ደግሞ «የድሮውን ያህል ይርካ፣ ይበቃዋል» ይላል። የድሮው እርካታ 120 ነው። በአዲሱ ዋጋ እዚያ ለመድረስ 339 ብር ከ40 ይበቃል። አንቺ ያደረግሽው ይህንን ነው።

አሁን 360 ብሩን ይዞ ሲገዛ እዪው። 9 ሻይ፣ 15 ዳቦ። ብዜቱ 135! ከድሮው በልጧል። ስሉትስኪ 20 ብር ከ60 አትርፎለታል ማለት ነው። በዚያች ትርፍ ላይ ነው ግማሽ ስኒ ሻይ ገደማ የተለያያችሁት።

ስሉትስኪ ይህንን ያሳተመው በ1915 እ.ኤ.አ. በጣሊያንኛ መጽሔት ነው። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለነበር ልብ ብሎ ያየው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ሂክስና ባልደረባው አለን በ1934 በራሳቸው መንገድ እዚያው ደረሱ። ሁለቱ መንገዶች በተለያየ ስም የሚጠሩት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ሞክሪ። ሻይ ከ10 ወደ 20 መዝለሉን ትተሽ ወደ 11 ብቻ ይግባ። ሁለቱንም ሥሪና ንገሪኝ። ደግሞ ጥያቄው ላይ «ስሉትስኪ» የሚል ቃል አለ?

ሁለተኛ ዓመት ኢኮ

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። ቃሉ የለም። ክላስ የተማርነው ግን ስሉትስኪን ብቻ ነው። ሂክስን ከሞጁሉ ራሴ አንብቤ ነው የሠራሁት።

ሻይን በ11 ብር ሠራሁት። በስሉትስኪ 252 ብር ያስፈልገዋል፣ 11.45 ሻይ ይገዛል። በሂክስ 11.44። ተገናኙ ማለት ይቻላል! ለዚህ ነው እንዴ በዴሪቬቲቭ (ለጥቃቅን ለውጥ) ሲጻፍ የሁለቱ እኩልታ አንድ ዓይነት የሚሆነው?

የዶርም 14 ልጅ

አዎ፣ ለዚሁ ነው። የዋጋው ለውጥ ባነሰ ቁጥር ያቺ ትርፍ ከለውጡ በላይ ፈጥና ትጠፋለች። 20 ብር ከ60 የነበረችው 11 ብር ላይ ስንት እንደሆነች አስዪው፣ ሳንቲም ነው የምታገኚው።

አሁን ሁለቱንም መንገድ በአንድ ገጽ ጽፈሽ መምህሩ ጋ ሂጂ። ነጥብ ስለመጨመር ሳታነሺ መጀመሪያ 339 ብር ከ40ዋን አሳዪያቸው። ጥያቄው ላይ ካልተገለጸ ልጅቷ ምን ታድርግ ብለው የሚያስቡ ይመስለኛል።

ሁለተኛ ዓመት ኢኮ

29 ሳንቲም ገደማ ሆነች። ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቢሮ ይገባሉ፣ ጽፌ ጨርሻለሁ።