ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ የሚሸጡትን መቅጣት ሆስፒታሎቻችንን ከመድኃኒት-ለመድ ተህዋስያን ይታደጋል?

የክርክሩ ጥያቄ፦ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በሆስፒታሎች እየበረቱ በመምጣታቸው፣ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ የሚሸጥ መድኃኒት ቤት ፈቃዱ ይነጠቅ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ትደግፋላችሁ ወይስ ትቃወማላችሁ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ እደግፋለሁ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ጥናት በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በእነዚህ ባክቴሪያዎች ሳቢያ እንደሞቱ ገምቷል። ወደ እኛ የሚመጣው ታማሚ ብዙ ጊዜ ከሰፈሩ ሲፕሮ ወይም አሞክሲሲሊን የተባሉትን አንቲባዮቲኮች ገዝቶ፣ ትንሽ ሲሻለው አቋርጦ፣ ሕመሙ ሲያገረሽበት ነው። ደሙን ለካልቸር (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አብቅሎ ለመለየት) ብንወስድም አስቀድሞ የዋጠው መድኃኒት የባክቴሪያውን ዕድገት ስለሚያፍነው ምንም አልበቀለም ተብሎ ይመለሳል፤ እኛም በግምት ለማከም እንገደዳለን።

ፋርማሲስት፦ እቃወማለሁ፤ የጎደለን ሕግ አይደለምና። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ዶክተር፣ እርስዎ የነገሩን የሰፈሩን ጥፋት ብቻ ነው። ሴፍትሪያክሶን የተባለው በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ የዓለም ጤና ድርጅት በጥንቃቄና በክትትል እንዲሰጡ ከመደባቸው መድኃኒቶች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በተኝቶ ሕክምና ክፍሎቻችን ለሳንባ ምችም፣ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለመከላከያም ለቀናት ይሰጣል፤ ሁሉም ማዘዣ አለው። የእኔ ፈቃድ ሲነጠቅ ማዘዣውን የጻፈው በምን ይጠየቃል?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ሁለታችሁም የምትከራከሩት ተህዋስያኑ እንዴት መድኃኒት እንደሚላመዱ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከአልጋ ወደ አልጋ እንዴት እንደሚሻገሩ ነው። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ የሚተላለፈው በባለሙያ እጅ፣ በመምጠጫ መሣሪያ ቱቦ፣ ከአንድ ጠርሙስ ለብዙ ሕፃናት በሚቀዳ ፈሳሽ ነው፤ ሕፃኑ ከፋርማሲ የተገዛ አንዳች ነገር ሳይቀምስ። መድኃኒት የመቋቋም ባሕርይን የሚሸከመው ዘረመልም ከአንዱ የባክቴሪያ ዝርያ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ዜመልቫይስ የተባለው የማዋለጃ ክፍል ሐኪም ቪየና ውስጥ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሕድ እንዲታጠቡ ባደረገ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1847 ከመቶ 18 የነበረው የወላዶች ሞት በሰኔ ወደ 2 ገደማ ወርዷል፤ ያኔ አንድም አንቲባዮቲክ አልነበረም። ካልቸሩን በተመለከተ፣ ውጤቱ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ማብቀያው ወይም መድኃኒቱ የሚፈተንበት ዲስክ ሲያልቅ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ደርሶ እንኳ፣ ውጤቱን አይቶ መድኃኒቱን የሚቀይር ሐኪም ካልተገኘ (ይቅርታ ይደረግልኝና ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ) ወረቀቱ ካርድ ውስጥ ተጣጥፎ ይቀራል።

ነርስ፦ ስለ እጅ መታጠብ ከተነሣ ውኃውም ይነሣ። ቧንቧው በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ በሚፈስበት ክፍል ግድግዳ ላይ መመሪያ መለጠፍ ምን ይፈይዳል? ውኃ በሌለበት የሚያገለግለው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በየአገሩ እንዲቀመም ያወጣው የእጅ ማሻ 80 በመቶው ኤታኖል ሲሆን፣ ግሊሰሮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይጨመርበታል፤ ኤታኖሉን ደግሞ እዚሁ አገራችን የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ያመርቱታል።

በገጠር የሚሠራ ጤና መኮንን፦ የእኔ ተቃውሞ ሌላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጤና ኬላ የሕፃናትን ሳንባ ምች በአንቲባዮቲክ እንዲያክሙ የተፈቀደው፣ ሐኪም ዘንድ ሳይደርሱ የሚሞቱትን ለማትረፍ ነው። ኬላው መድኃኒት ባለቀበት ወር እናቲቱ የቀራት የገጠር መድኃኒት ቤቱ ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ እንግዲያው ሐሳቤን ላጥብበው። አሞክሲሲሊንን የመሰሉት ይቆዩ፤ ሴፍትሪያክሶንን ወይም ለከባድ ኢንፌክሽን የሚቆጠበውን ሜሮፔነምን ያለ ማዘዣ ለሸጠ ግን ምሕረት አይኑር። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2024 ባጸደቀው መግለጫ የተያዘውም ግብ፣ እስከ 2030 በዓለም ሰዎች ከሚወስዷቸው አንቲባዮቲኮች ቢያንስ 70 በመቶው በቅድሚያ ሊሰጡ ከሚገባቸው፣ መላመድን የማስከተል ስጋታቸው ካነሰው ምድብ እንዲሆን ነው።

ፋርማሲስት፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሆስፒታልም በየሦስት ወሩ ምን ያህል ሴፍትሪያክሶን እንዳዘዘና ለስንቱ ታካሚ አስቀድሞ ካልቸር እንደተላከ በይፋ ያሳውቅ። የወጣው መድኃኒት በሆስፒታሉ ፋርማሲ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ የሚጠይቅ ጠፋ እንጂ።